ባሕሩ መንገዱን እስኪዘጋ

እትዬ ኮንሴፕታ ደብዳቤውን ያነበቡት ቆመው ነው። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ዴርቭላን ለአፍታ አዩዋት፤ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩና ሻይ ሊያፈሉ ወደ ጓዳ ገቡ። በዚያ የአስጎብኚ ቢሮ ውስጥ እትዬ ኮንሴፕታ ምንም ሳይናገሩ ሻይ ሊያፈሉ ከሄዱ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ አንዱ አውቶቡስ ቦይ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ደብዳቤው የመጣው ከአውስትራሊያ፣ ከፐርዝ ነበር። ፊደሉ ክብ ክብ ያለ፣ ደስተኛ የሴት እጅ ጽሑፍ ነው። ሊኔት የምትባል ሴት ከባሏ ጋር በሐምሌ ወደ አየርላንድ ስለሚመጡ የምዕራቡን ዳርቻ በመኪና የሚዞሩበት የስድስት ቀን ጉዞ እንዲወጣላቸው ትጠይቃለች። ጥንታዊ መቃብሮቹን፣ ገዳማቱንና ገደሎቹን ማየት ትፈልጋለች። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ስለሆነች በየሰዓቱ መውረጃ ቦታ ቢኖር ደስ ይላታል። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ባለቤቴ ፊንታን ጌራቲ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የእናንተ ሹፌር ነበር። ለራሱ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኦሚ የምትባለውን ደሴት። እዚያ ምን እንዳለ ግን ሊነግረኝ አልፈለገም።»

ዴርቭላ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከሦስተኛው በኋላ ፊደሎቹ መነበብ አቆሙ።

«ጋልዌይ ከተማ ውስጥ እንደኛ ያለ ቢሮ ሞልቷል» አሉ እትዬ ኮንሴፕታ ሻዩን እያስቀመጡ። «ሞልቶብናል ብለሽ ጻፊላት።»

«የስድስት ቀን ጉዞ ነው፣ እትዬ። ሥራችን ነው።»

«አዬ ልጄ። አንቺን እዚህ ወንበር ላይ ያስቀመጥኩሽ እኔ ነኝ፤ ሥራችንን ለእኔ አትንገሪኝ።»

እትዬ ኮንሴፕታ የሚያውቁትን ያውቃሉ። ቢሮው የዴርቭላ አባት የጀራርድ ነበር፤ ክሊፍደን ዋናው መንገድ ላይ ያለው ሆቴልም የእሳቸው ነበር፤ ፊንታንም የእሳቸው ሹፌር ነበር። ልጁ የመጣው ባሕር ከማይታይበት ከመሐል አገር ነው፤ አባቱ ከረግረግ መሬት የሚነድ አፈር እየቆረጡ የሚሸጡ ድሃ ሰው ነበሩ። መንዳት ይችልበታል፤ በጠባቡ መንገድ ላይ ሁለት አውቶቡስ ፊት ለፊት ሲገጥም ወደ ኋላ የሚሄደው ሁልጊዜ እሱ ነበር፤ ሲመለስም እየሳቀ ነው። ባሕር ግን ይፈራል። ሌሎቹ ሹፌሮች ውሃ እንዲጠጣ እንኳ በልመና ነው እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

የዴርቭላ ሥራ መንገድ ማውጣት ነው። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ወረቀት ትጽፋለች፤ የት እንደሚቆም፣ የት ምሳ እንደሚበላ፣ ፀሐይ በየትኛው ሰዓት በየትኛው ገደል ላይ እንደምታርፍ። ፊንታን በመጣ በሁለተኛው ወር በአንዱ ወረቀት ጠርዝ ላይ በእርሳስ «ከሦስተኛው ጥምዝ በኋላ ወደ ግራ እይ፤ ለመንገደኞቹ አይደለም፤ ለአንተ ነው» ብላ ጻፈች። ወረቀቱ ከስድስት ቀን በኋላ ሲመለስ ከጽሑፏ ሥር «አየሁ። ብቻዬን ማየቴ አናደደኝ» የሚል ነበረበት። እንዲህ እያሉ አራት ዓመት ተጻጻፉ። በዚያ ዳርቻ ላይ የእነሱ እርሳስ ያልደረሰበት መታጠፊያ አልቀረም።

ጀራርድ የሰሙ ዕለት አልጮሁም። ሹፌር እቀጥራለሁ እንጂ ለሹፌር አልድርም አሉና ጋዜጣቸውን ገለጡ። ከዚያ በኋላ የፊንታን ሥራ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄደ፤ በሰኔ የፐርዝ የሥራ ፈቃድ እጁ ገባ። የመጨረሻውን መልእክት የጻፈላት በወረቀት ጠርዝ ላይ ሳይሆን በሙሉ ወረቀት ነው። «እሁድ ኦሚ ደሴት ላይ፣ አሸዋ በቀበራት አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እጠብቅሻለሁ። ባሕሩ መንገዱን እስኪዘጋ እቆያለሁ። ከመጣሽ ፈቃዱን ቀድጄ አባትሽን አብረን እንጋፈጣለን። ካልመጣሽ መልስሽ ገብቶኛል፤ ደብዳቤም አልጽፍም፣ አላስቸግርሽም።»

ኦሚ ደሴት የምትሆነው በቀን ለግማሹ ብቻ ነው። ውሃው ሲሸሽ በምሰሶ ምልክት በተደረገበት አሸዋ ላይ በመኪና ይገባባታል፤ ሲመለስ ትዘጋለች። ዴርቭላ ያን ቀን ውሃው እስከ አሥር ሰዓት እንደማይመለስ በልቧ ታውቅ ነበር። ስለዚህ አልተጣደፈችም፤ ነገሩን በወጉ ልጨርስ አለች። ምሳ ላይ ለአባቷ ተናገረች፤ ቃል ለቃል ተያያዙ፤ ከወጣሽ አትመለሽ አሏት፤ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ አሸዋውን አቋረጠች። ቤተ ክርስቲያኒቱ ባዶ ነበረች። ውሃው የምሰሶዎቹን እግር እስኪነካ ድረስ በሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች፤ ከዚያ መኪናዋን አስነስታ አትመለሽ ወደተባለችበት ቤት ተመለሰች። አባቷ በሩን ከፈቱላት፤ ሻንጣውን ከእጇ የተቀበሏት እትዬ ኮንሴፕታ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ዴርቭላ የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ፊንታን አልመጣም። ጽፎ ፈራ፤ ወይ ጽፎ ተጸጸተ። አድራሻውን ከእናቱ መጠየቅ ትችል ነበር፤ ግን ቀጥሮ የቀረን ሰው አድራሻ የምትጠይቅ ምን ዓይነት ሴት ናት ብላ ተወችው። አባቷ ሞቱ፣ ሆቴሉ ተሸጠ፣ ቢሮው ለእሷ ቀረ። ሁለት ሰው ለጋብቻ ጠይቋት ነበር፤ ሁለቱንም በትህትና መልሳለች። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው።

ለሊኔት «እንኳን ደህና መጣችሁ፤ እናዘጋጃለን» ብላ ጻፈች። ያቺን አንድ ነገር ዓይኑን እያየች ልትጠይቀው ፈለገች፤ ለምን ቀረህ? ሌላ ምንም አትፈልግም ነበር። ወይም እንደዚያ ብላ ራሷን አሳምና ነበር።

*

የመጡት ዝናቡ ወደ ጎን በሚዘንብበት ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ሊኔት በሩን ከፍታ እንደገባች የረጠበ ኮቷን ሳታወልቅ ዴርቭላን አቀፈቻት፤ ደብዳቤዎችሽን ስንት ጊዜ አነበብኳቸው መሰለሽ አለቻት። ረጅም፣ ፊቷ በፀሐይ ነጠብጣብ ያወጣ፣ ሰው ሊጠላት የማይችል ዓይነት ሴት ናት። ፊንታን ከኋላዋ በሩ አጠገብ ቀረ፤ ሹፌሮች የጉዞ ወረቀታቸውን ሲጠብቁ የሚቆሙበት ቦታ ላይ። ጆሮ ግንዱ ላይ ሸብቷል።

«ዴርቭላ» አላት።

«ፊንታን። ግባ እንጂ፣ በሩ ላይ ምን ያቆምሃል?»

ተጨባበጡ። እጁ ቀዝቃዛ ነበር፤ እሷም ቶሎ ለቀቀችው፤ ቶሎ በመልቀቋም ወዲያው አዘነች።

ትልቁን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ዙሪያውን ተቀመጡ። አምስቱን ቀን አስቀድማ ጽፋ ጨርሳ ነበር። በሁለተኛው ቀን በዱሎክ ሸለቆ አድርገው ዌስትፖርት ያድራሉ። በሦስተኛው የአኪል ገደሎችንና ከእርጥብ አፈር ሥር የተገኘውን የአምስት ሺህ ዓመት የእርሻ ቅጥር ያያሉ። በአራተኛው የስላይጎን የድንጋይ መቃብሮች፣ በአምስተኛው የዶኔጎልን ትልቁን ገደል፤ በስድስተኛው በሻነን ወንዝ ዳር ያለውን የገዳም ፍርስራሽ ተሳልመው ወደ ፊንታን እናት ቤት ይሄዳሉ። በየሰዓቱ መውረጃዎቹን በአረንጓዴ እርሳስ ከብባቸዋለች። ሊኔት አረንጓዴዎቹን ቆጥራ በጣም ሳቀች፤ እናቴ እንኳ እንዲህ አላሰበችልኝም አለች።

«አኪል ሩቅ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«በካርታው አንድ ጣት ነው» አለች ዴርቭላ። «በመንገዱ ሁለት ሰዓት፤ በግ ካልተኛበት።»

«በግ ከተኛበትስ?»

«በጉ እንቅልፉን ጨርሶ ይነሳል» አሉ ፊንታንና ዴርቭላ እኩል። በአንድ ወቅት በየወረቀቱ ጠርዝ ላይ የሚጻጻፉት ቀልድ ነበር። ሁለቱም ካርታው ላይ አቀረቀሩ። ሊኔት ግን የአገሩ ሰው ሁሉ የሚለው ነገር መስሏት እየሳቀች ደገመችው።

የቀረው የመጀመሪያው ቀን፣ የነገው፣ የኦሚው ወረቀት ነው። ዴርቭላ ባሕሩ የሚሸሽበትንና የሚመለስበትን ሰዓት የያዘችውን ትንሿን ቢጫ መጽሐፍ ከመደርደሪያው አወረደች።

«ነገ ውሃው አብዝቶ የሚርቀው ሰባት ሰዓት ላይ ነው ይላል። ስለዚህ ስምንት ማለት ነው» አለች እየጻፈች። «ከዚያ በፊት ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት አሸዋው ላይ መንዳት ይቻላል። ከስድስት እስከ አሥር።»

ሊኔት አንገቷን አስግጋ መጽሐፉን አየች። «ሰባት አይደለም እንዴ የሚለው? ስምንት ከየት መጣ?»

ዴርቭላ ይህን ለስንት መንገደኛ አስረድታለች፤ በቃሏ የምታውቀው ነገር ነው። ቀኑ መርዘም ሲጀምር እዚህ ሰዓታችንን ሁሉ በአንድ ሰዓት ወደፊት እንገፋለን አለቻት፤ መጽሐፉ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚታተመው ባልተገፋው ሰዓት ነው፤ በበጋ የሚያነበው ሰው አንድ ሰዓት ራሱ መጨመር አለበት። ሊኔት እኛ ጋ ሰዓት የሚገፋ የለም፣ እንኳን ጠየቅኩ አለች።

ፊንታን በእጁ የነበረውን እርሳስ የሚሰበር ነገር እንደያዘ ሰው ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«ሁልጊዜ ነው የሚጨመረው?» አለ።

«በበጋ ሁልጊዜ።»

«አንቺ በምትሰጪን ወረቀት ላይ…»

«ጨምሬ ነው የምጽፈው። ሹፌር እንዲያሰላ አይደረግም።» ፊንታን በአራት ዓመት ውስጥ ያቺን መጽሐፍ ገልጦ አያውቅም። የሚያስገልጠው ምክንያት አልነበረውም፤ ሁልጊዜ ወረቀት ነበረው። ያ እሁድ ግን የሥራ ቀን አልነበረም።

«ምነው?» አለች ሊኔት እጁን ነካ አድርጋ።

«አንድ ጊዜ ያለ ወረቀት ሄጄ ነበር» አለ ፊንታን ካርታውን እያየ። «መጽሐፉን ራሴ አንብቤ መንገዱ ዘጠኝ ላይ ይዘጋል አልኩ። ከስድስት ተኩል ጀምሬ አንድ መንገደኛ እየጠበቅኩ ቆየሁ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ጉድጓድ ውስጥ ናት፤ ከዚያ ሆነሽ ባሕሩ አይታይሽም። ዘጠኝ ሲሞላ ውሃው በላኝ ብዬ በክሌገን መንደር በኩል በሚዞረው መንገድ ወጣሁ። ስወጣ አሸዋው ገና ደረቅ ነበር። ባሕሩ የዘገየልኝ መስሎኝ እግዜርን አመሰገንኩ።»

«መታጠቢያ ገንዳ እንኳ ይፈራል» አለች ሊኔት ለዴርቭላ፤ ወዲያው ግን ፊቷ አዘነ። «ምስኪን መንገደኛ። ምናልባት ዘግይቶ መጥቶ ይሆናል።»

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ዴርቭላ ሃያዋን ደቂቃ በጣቷ ሥር ባለው ካርታ ላይ ያየቻት መሰላት፤ ከአንድ ምሰሶ እስከሚቀጥለው ምሰሶ የምታህል። እሱ በአንዱ መንገድ ሲወጣ እሷ በሌላው ስትገባ። ጠብቋት ነበር። ፈርቶም አልነበረም፣ ተጸጽቶም አልነበረም፤ ከሚፈራው ባሕር አጠገብ ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀምጦ ጠብቋት ነበር። ዘጠኝ ዓመት የጠላችው ሰው በዓለም ላይ አልነበረም።

ቀና ስትል ዓይኑ ዓይኗ ላይ ነበር። ጥያቄውን አልደበቀውም፤ ሚስቱ አጠገቡ መሆኗን የረሳ ይመስል ነበር።

እትዬ ኮንሴፕታ ከጓዳ ብቅ ያሉት ይሄን ጊዜ ነው። ሁለቱን አዩ፣ ካርታውን አዩ፣ ሊኔትን አዩ።

«በየሰዓቱ መውረድ አለብኝ ብለሽ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽ?» አሏት። «ሰዓቱ ደርሷል። ነይ፣ ከኋላ ነው። ስትጨርሺ ከምድጃ የወጣ ዳቦ በቅቤ አለ፤ ለሁለት የምትበዪ ሴት እንዲህ በደረቅ ወረቀት አትውልም።»

ሊኔት እየሳቀች ተነሳች። በጓዳው በር ስትወጣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አሳርፋ ነበር፤ ዴርቭላ እስክትሰወር ድረስ ያን እጅ አየችው።

*

ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። ከጓዳ የሊኔት ድምፅና የሳህን ኳኳታ ይሰማል። ፊንታን አልተነሳም፣ አልቀረበምም።

«ያን እሁድ መጥተሽ ነበር?»

ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። መጥቻለሁ። ሻንጣዬን ይዤ መጥቻለሁ፤ ከአባቴ ቤት ተባርሬ መጥቻለሁ፤ ውሃው እስኪነካኝ ተቀምጬ ነበር። ይህን ብትለው ፊቱ እንዴት እንደሚሆን በዓይኗ መጣባት፤ ያን ፊት አንድ ጊዜ ለማየት ዘጠኙን ዓመት መልሳ ብትኖረው አትጠላም። እውነቱን ብትነግረው ግን እንደሚያምናት አወቀች፤ ካመናት በኋላ ነገ ጠዋት ያቺን ሴት አሳፍሮ እንደማይሄድ፣ ቢሄድም የትም እንደማይደርስ አወቀች። በስድስቱም ቀን፣ ከዚያም በኋላ ባለው ዕድሜው ሁሉ፣ ዓይኑ መንገዱ ላይ ሆኖ ሃያ ደቂቃ ይቆጥራል። ልጁ ሲወለድም ይቆጥራል። ለእሷ የአንድ አፍታ ደስታ ነው፤ ዕዳው የሦስት ሰው ይሆናል። ብትነግረውም ከዚህ ክፍል ማንም ምንም አትርፎ አይወጣም፤ ከጠፋው የሚመለስ ነገር የለም።

«አልመጣሁም» አለችው።

«በዘጠኝ ተኩልም? በአሥርም?»

«በምንም ሰዓት። ደብዳቤህን አነበብኩት፤ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አባቴን ትቼ መውጣት አልቻልኩም። ምሳ በላን፣ ከዚያ ዝናቡ መጣ፣ ቤት ዋልኩ።»

«ያን ቀን አልዘነበም፣ ዴርቭላ።»

ይዞኛል አለች በሆዷ፤ የፈራችውም የለመነችውም ይህንኑ ነበር። ከፊቱ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

«እንግዲያው ያለ ዝናብ ዋልኩ» አለች። «ሆቴል ነበረኝ፣ ስም ነበረኝ። የሹፌር ሚስት ለመሆን አልደፈርኩም። ዘጠኝ ዓመት ላለፈው ነገር ምን ልበልህ?»

ይሄን ያህል መዋሸት እንደምትችል አታውቅም ነበር።

ፊንታን ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ትከሻው ወረደ፤ በመጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ቀጥሎ ሁሉም እንዳለ። በሁለት እጁ ፊቱን አበሰና ሲያነሳው አሥር ዓመት የቀነሰ ፊት ነበር።

«እንግዲያው ሰዓቱ ምንም አላበላሸም።»

«ምንም።»

«ዘጠኝ ዓመት ስፈራው የኖርኩት ይህንን ነው መሰለኝ» አለ። «ምናልባት መጥታ ከሆነስ እያልኩ። ደሴቲቱን ደግሜ ማየት የፈለግኩትም ለዚህ ነው።» ጓዳ ውስጥ ሊኔት ትስቃለች። «እንኳንም አልመጣሽ፣ ዴርቭላ። መጥተሽ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እንዴት አድርጌ ወደ መኪናው እመለስ ነበር?»

በደግነት ነው ያለው። ቂም አልነበረበትም፤ እንዲያውም አንድ ትልቅ ነገር እንደተደረገለት ሰው ነበር የሚያያት።

ሊኔት አፏ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ ይዛ ተመለሰች። ዴርቭላ ስድስቱን ወረቀት በቅደም ተከተል አስተካክላ በፖስታ ከተተችላቸው፤ ጠርዞቹ ላይ ምንም አልነበረም። ሊኔት በድጋሚ አቀፈቻት። ፊንታን እጁን ዘረጋ፤ አሁን እጁ ሞቆ ነበር፤ እንደማንኛውም ደስ ብሎት እንደሚወጣ መንገደኛ ጨበጣትና ወጣ። የመኪናው በር ሲዘጋ፣ ከዚያም የሚወዳት ሴት አንድ ነገር ስትለውና እሱ ጮክ ብሎ ሲስቅ በዝናቡ ውስጥ ተሰማ።

እትዬ ኮንሴፕታ መጥተው አጠገቧ ቆሙ።

«ሁሉንም ሰምቻለሁ» አሉ። «ግድግዳው ቀጭን ነው። አመነሽ?»

«አመነኝ።»

እትዬ ኮንሴፕታ እንዳትወድቅ እንደሚይዟት ክንዷን ያዙ። ዴርቭላ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጸንታ ቆማ ነበር። መዋሸቱንም ችላዋለች፣ «እንኳንም አልመጣሽ» የሚለውንም ችላዋለች። ያልቻለችው ሌላ ነው። አራት ዓመት በየመንገዱ ጠርዝ ልቧን የጻፈችለት ሰው፣ ከእሷ በላይ እሷን የሚያውቅ ሰው፣ ለሆቴልና ለስም ብላ ቀረች ስትለው ቢያንስ አንድ ጊዜ «ውሸትሽን ነው» ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር። አላለም። ማመን ፈልጎ ነበር፤ አመናት።